«ይህን አትጻፊው»

በታደለች ቀብር ላይ ሰው ስቋል። ፍትሐቱ አልቆ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲወጣ ከኋላዬ የነበረች አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታደለችን ሆነች። «እሺ ነው ያልኩሽ፤ ግቢ መች አልኩሽ!» አለች። አጠገቧ የነበሩት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቃቸውን ለማፈን ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከዚያ የአንዷ ሳቅ ወደ ለቅሶ ዞረና ሁሉም አብረዋት አለቀሱ። እኔ ፊት ፊቴን እያየሁ ሄድኩ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። በእኔ ቀብር ላይ እኔን ሆኖ የሚናገር ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜ በሟች መቅናት ደግ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ታደለች ስሟ አይደለም። ስሟን ለውጫለሁ፤ የሠራችበትን ወረዳ፣ በኋላ የነገደችውን ነገር፣ ሌላም ሌላም ለውጫለሁ። ይህን ስም የሰጠኋት ያን ጊዜ እሷን ባየሁ ቁጥር በልቤ የምለው ቃል ስለነበረ ነው። ሰዎች ሲከቧት «ታደለች» እላለሁ። ተናግራ ስትጨርስ ዝም ብለው ሲያይዋት «ታደለች» እላለሁ። ሌላ ስም ልፈልግላት አልደከምኩም።

የተገናኘነው መንግሥት በተለወጠ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ነው። የዛሬው ጋሞ ዞን ያን ጊዜ ሰሜን ኦሞ በሚባለው ውስጥ ነበር። ስለ እናቶች ጤና የሚያጠና አንድ ቢሮ አርባ ምንጭ መጥቶ ከላይኛው ከተማ ከሼቻ ቤት ተከራየ፤ ከበረንዳው የአባያ ሐይቅ ቀልቶ ይታያል። እኔ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ በጽሕፈት መኪና እጽፋለሁ፣ የእጅ ጽሑፌም ያምራል። የተሞሉ ቅጾች የሚቀመጡበት የብረት ካቢኔት ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ነበር። የመረጃ ሰብሳቢዎቹን መመሪያ በስቴንስል የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርባ ገጽ ነው። ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ስም ለምን በቁጥር እንደሚተካ፣ በአንድ ቤት የተሰማ ነገር ለምን ሌላ ቤት እንደማይወራ፣ ሁሉንም በየአንቀጹ አውቀው ነበር።

የጥናቱ አስተባባሪ አቶ ሰይፉ ከአዲስ አበባ የመጡ ለስላሳ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን፣ «በየወረዳው የሚቀጠሩትን ሴቶች የምታሠለጥን አንዲት ከእናንተው መካከል እመርጣለሁ» አሉ። ሰባቱ መረጃ ሰብሳቢዎች ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ወደ ጠረጴዛዬ አቀረቀርኩ። ቦታው የእኔ ነበር።

ታደለች ከሰባቱ አንዷ ናት። ከጨንቻ የወረደ የሸማኔ ቤተሰብ ልጅ ስትሆን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አግብታ ትምህርቷን ትታለች። ከእኔ በአሥር ዓመት ስለምታንስ «እትዬ» ትለኛለች። አማርኛዋ ወንዱን ሴት ማድረግ ይወዳል፤ አቶ ሰይፉ ከሩቅ ሲታዩ «አቶ ሰይፉ መጣች!» ብላ ሁላችንንም ወደ ወንበራችን ትመልሰናለች። «መጡ ነው የሚባለው» እላታለሁ። «እሺ እትዬ፣ መጡ» ትላለች። በማግስቱ ያው «መጣች» ነው። ከመናገሯ በፊት፣ ዱቄት እንደሚያራግፍ ሰው፣ ሁለት መዳፏን ጉልበቷ ላይ ታሻለች። ያን ስታደርግ ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ ጉሮሮዬን ብጠርግም ጸጥ አይልልኝም ነበር።

በመጀመሪያው ሥልጠና መመሪያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ሙቀቱ ጨመረ። ፀሐይ የምትባለው፣ ከሰባቱ ምላሷ የሚሾለው፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ሰይፉ፣ «እስቲ በተግባር አሳዩን» አሉ። በተግባር እንዴት እንደሚታይ መመሪያው ውስጥ ገልጬ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«ጭውውት እንሥራ» አለች ታደለች። «እንደ ተማሪ ቤት። እኔ የቤቱ እመቤት፣ እትዬ ብርሃኔ ጠያቂ።»

ሻሿን ፈትታ በሌላ አኳኋን አሰረችው። ዱካ ላይ ተቀምጣ በሌለ እንዝርት ጥጥ መፍተል ጀመረች።

«ቤቶች!» አልኩ።

«እሺ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«እሺ።»

«ከጥናት ቢሮ ነው የመጣሁት።»

«እሺ።»

ተቀምጬ አንቀጹን አነበብኩላት። ተሳትፎው በፈቃድ መሆኑን፣ ያልፈለገችውን አለመመለስ እንደምትችል፣ ስሟ እንደማይጻፍ። ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር «እሺ» ትላለች። «ተስማምተዋል?» አልኳት። «እሺ።» ሣጥኑ ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ንጹሕ ሥራ ነበር።

እንዝርቷን አስቀመጠች። «ምን ላይ ነው የተስማማሁት?»

«ጥናቱ ላይ ነዋ።»

«የቱ ጥናት?»

«አነበብኩልሽ እኮ!»

«አንብበሻል። እኔ ግን ወረቀቱን ነው ሳይ የነበረው።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ወረቀት ይዞ ለመጣ ሰው እሺ ይባላል። ለቀበሌ እሺ። ለግብር እሺ። ለዘመቻ እሺ። ደጋ ላይ እናቶቻችን ከአማርኛ መጀመሪያ የሚያውቁት ቃል እሱ ነው። አንዳንዱ እሺ ‹እየሰማሁ ነው› ነው። አንዳንዱ ‹አትቆጪኝ› ነው። አንዳንዱ ‹ጨርሰሽ ሂጂልኝ› ነው።»

«የባሌ እሺ ደግሞ ‹ልተኛበት› ነው!» አለች ፀሐይ፣ እንቅልፏ ጠፍቶ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ ሰይፉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ታደለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አፈጠጠችብኝ። «እሺ ነው ያልኩሽ፤ ግቢ መች አልኩሽ!»

እኔም ሳቅሁ። መሳቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ቦታ ተለዋወጥን። እሷ ጠያቂ ስትሆን ወረቀቱን ከኋላዋ አስቀምጣ ከእኔ ዝቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያነበብኩትን ሁሉ በቃሏ፣ እንደ ወሬ አድርጋ ነገረችኝ። ስትጨርስ «ተስማምተሻል?» አላለችም። «አሁን እኔ ስወጣ ጎረቤትሽ ትመጣለች። ‹ያቺ ሴት ምን ልትልሽ ነው የመጣችው?› ብትልሽ ምን ትያታለሽ?» አለችኝ። መልሴን እስክትሰማ ቅጹን አልነካችውም። አቶ ሰይፉ ያቺ ጥያቄ መመሪያው ውስጥ ትግባ አሉ። በማግስቱ ስቴንስሉ ላይ የጻፍኳት እኔ ነኝ። አንድ ፊደል አልሳትኩም።

አሠልጣኝ የሆነችው ታደለች ነች። ውሳኔው ሲነገር አጨበጨብን። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ስሆን ቀድሜ ያቆምኩትም እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ሥራውን ላይ ብዬ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋር ጨንቻ ወጣሁ። ደጋ ላይ እንግዳ የገባበት ቤት ጎረቤት ሁሉ ይገባል፤ ብቻዋን የምትጠየቅ ሴት የለችም። ከታደለች ጋር በገባሁበት ቤት አማቲቱ መሐል ላይ ተቀምጣ ምራቷ የምትመልሰውን ልትሰማ ትጠብቃለች። መመሪያው «ተጠያቂዋ ብቻዋን መሆኗን ያረጋግጡ» ይላል። እኔ ብሆን ውጪልን ባልኳት፣ እሷም ባልወጣች ነበር። ታደለች ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ መጀመሪያ እርስዎን ልጠይቅ» አለቻት። ስለ ጉልበቷ ጠየቀቻት፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ እንቅልፏ። ምንም ሳትጽፍ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አዳመጠቻት። አሮጊቷ ተናግራ ተናግራ ጠገበችና፣ «በሉ፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፤ እኔ ከብቶቹን ልይ» ብላ ጎረቤቶቹንም አስከትላ ራሷ ወጣች። ታደለች ድምፅዋን ለምራቲቱ ዝቅ ያደረገችው ያን ጊዜ ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ «እትዬ፣ ከማውራት በፊት ማየት ነው» አለችኝ። «ማን አለ? ከግድግዳው ወዲያስ ማን አለ?»

«አውቀዋለሁ» አልኳት። «አንቀጽ አራት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስህተቷን መፈለግ ሥራዬ ሆነ። የፊደል ግድፈቷን በቀይ እከብባለሁ። አንድ ሰዓት ካረፈደች እመዘግባለሁ። አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ታደለች የምትባለው የትኛዋ ናት?» ብለው ነው። የሚጠይቁት ደግሞ እኔን ነው፤ ጠረጴዛዬ በሩ አጠገብ ነበርና።

ታደለች ካምባ ወረዳ ለአንድ ወር መረጃ ስትሰበስብ ቆይታ የተመለሰች ሰሞን ሌላ ቡድን ገባ። በሦስተኛው ቀን ጭውውት ላይ «እትዬ ብርሃኔ እጇ ፈጣን ነው፤ እሷ ጠያቂ ትሁን» አለች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዷ አሳቀችን። አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን እጇ ቆመ። ወደ በሩ ተመለከተች። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ።

ምን እንዳለች አልጽፍም። ባሏ ቢሰማ ትዳሯ የማይተርፍ ነገር ነበር፤ ይህ ይበቃል። ስትናገር ድምፅዋ የጭውውት ድምፅ አልነበረም። ሠልጣኞቹ ወንበራቸው ላይ አልተንቀሳቀሱም።

«ይህን አትጻፊው» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

እሺ ብዬ እጄ መስመሩን ጨረሰ። አሥራ አምስት ዓመት ሲነገረው የጻፈ እጅ ነው፤ ጆሮዬ የሰማውን እስኪጨርስ አይቆምም። ታደለች እጄን አየችው። ሠልጣኞቹም አዩት። የሳቀ ሰው አልነበረም። ምነው በሳቁብኝ ብዬ ነበር።

«እሺ ብላ ጻፈች» አለች ቀስ ብላ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ቀዳደደችውና ቁርጥራጩን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «አትጻፊው ስትላችሁ እስክሪብቶ መሬት ላይ ይቀመጣል። እሷ እያየችው ይቀመጣል። ከዚያ ‹መስመሩን ባዶ ልተወው ወይስ እዚህ ላይ እናቁም?› ብላችሁ ትጠይቋታላችሁ። ባዶ መስመር ውሸት አይደለም።»

ከምሳ በኋላ አቶ ሰይፉ ክፍል ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። «ካምባ ላይ አንዲት እናት በምስጢር የነገረቻትን ነው በሰው ፊት የምትጫወተው» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ካልደረሰ ነገር እንዲህ ያለ ጭውውት ከየት ይመጣል?» አልኩ። የመመሪያውን አንቀጽም በቃሌ ነገርኳቸው፤ ከተጠያቂ የሰማችውን ያወጣች ሴት ከሥራ ትነሣለች።

በማግስቱ ጠዋት ታደለች ተጠራች። ቃለ ጉባዔ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ማን እንደከሰሳት አልተነገራትም። አቶ ሰይፉ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ትናንት የተጫወትሽው ከየት የመጣ ነው?»

«ከቅጽ አላወጣሁትም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«አልናገርም።»

«ለምን እንዲያ ያለ ነገር አመጣሽ?»

መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሸች። «ቀልድ ሳመጣ ይስቃሉ፣ ይወጣሉ፣ ይረሱታል። የሚከብድ ነገር ሲሰሙ እጃቸው ምን እንደሚያደርግ እንዲያዩ ፈለግሁ።»

«ቅጾቹን እንክፈትና እንያቸው» አሉ። «ከሌለ ነፃ ነሽ።»

«አይሆንም» አለች ቶሎ ብላ። «ሴቶቹ ለዚያ አልሰጡንም። እኔን ነፃ ለማውጣት ብለው አይደለም የነገሩን።»

አቶ ሰይፉ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። ይወዷት ነበር። ወደ እኔ ዞረው፣ «ብርሃኔ፣ ይህን አትጻፊው» አሉኝ። ያን ጊዜ እስክሪብቶዬ ወዲያው ቆመ። «ታደለች፣ አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ‹ፈጠርኩት› በይኝ። ፈጠርኩት ካልሽ ጉዳዩ እዚህ ያልቃል፤ ሥልጠናሽን ትቀጥያለሽ።»

አባያ ላይ የሚሄድ አንድ ጀልባ በመስኮቱ ይታይ ነበር፤ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ እስኪወጣ በዓይኗ ሸኘችው።

«አልፈጠርኩትም» አለች። «ሌላ ሌላውን በሉኝ። ያንን ግን የለም ማለት አልችልም።»

ከአሠልጣኝነት ተነሣች። በመረጃ ሰብሳቢነት ቀጥዪ ቢሏት የሥራ ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «ተረከቢኝ፣ እትዬ» አለችኝ። ፈርሜ ተረከብኳት። ፀሐይ በረንዳው ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ባዶ ነበር። ቁልፉ የተሰጠኝ እንድቆልፍ እንጂ እንዳነብ አይደለም። ካቢኔቱን ከፈትኩ። ልክ እንደነበርኩ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ያን ማየት በጣም ፈልጌ ነበር። የካምባውን እሽግ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ እሷ የሞላቻቸውን ሁሉ። ባዶ የተተዉ መስመሮች አሉ፤ አትጻፊው የተባለችባቸው መሆን አለባቸው። አሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ግን አንድም ባዶ አልነበረም። በሁሉም ላይ ተመልሷል፤ ተራ መልስ ነው። ያን ነገር የነገረቻት ተጠያቂ አልነበረችም።

ቅጾቹን በየተራቸው መለስኩ። ያኔ ነው የቆመው እጇ፣ ወደ በሩ ያየችው አስተያየት፣ «የለም ማለት አልችልም» ያለችው ሁሉ ባንድ ላይ የመጣብኝ። ያን ነገር ከማንም አልሰማችውም። የራሷ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለአቶ ሰይፉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብናገር ስሟ ይጸዳ ነበር። ካቢኔቱን መክፈቴን መናገር ግን ይኖርብኛል፤ እኔም ከሥራ እነሣለሁ። ደግሞም «ከቅጹ ካልሆነ የማን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እውነተኛው ምክንያት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ሰይፉ ጠርተው አሠልጣኝ ያደረጉኝ መሆኑ ነው።

ሁለት ዓመት አሠለጠንኩ። ጭውውቶቿን አንድ በአንድ ጽፌያቸው ነበርና አሠራኋቸው። ሻሼን ፈትቼ አስሬአለሁ። በሌለ እንዝርት ፈትያለሁ። ሠልጣኞቹ በአክብሮት ያዩኛል፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ ቀን ፀሐይ ከኋላ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ ስንወጣ፣ «እትዬ፣ አንቺ እሺ ስትዪ የእውነት እሺ ያልሽ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለው ምስጋና ነው።

ታደለች ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ የሽመና ሱቅ እንደከፈተች እሰማ ነበር። ጥናቱ ተዘግቶ፣ ቅጾቹ ተጭነው ሄደው፣ እኔም ቁልፉን ካስረከብኩ በኋላ አንድ ቀን ወደዚያ ወረድኩ። ለራሴ ያልኩት ነጠላ ልገዛ ነው ብዬ ነው።

ስታየኝ ከመደርደሪያው ወዲያ ወጥታ ሳመችኝ። ወፍራለች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ አቶ ሰይፉ ጠየቀችኝ። «አቶ ሰይፉ ወደ አገሯ ገባች?» አለች። አላረምኳትም። ነጠላ አውጥታ ዘረጋችልኝ። ጥለቱን እየነካሁ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የተሸከምኩትን አወጣሁት።

«ታደለች፣ ያን ጊዜ አቶ ሰይፉ ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ዓይኔን ያላየሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

«ካቢኔቱንም ከፍቼ አይቻለሁ። ያን ነገር ፈልጌ አጣሁት። የለም። የትኛዋም ሴት አልነገረችሽም።»

ነጠላውን የያዘው እጇ ቆመ። ይቅርታ ልትለኝ ወይም ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን እኔን አላየችም። ከኋላዋ የተሰቀለውን መጋረጃ አየች። እስከዚያ ድረስ ከመጋረጃው ወዲያ የሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ እየሰማሁ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ድምፁ ቆመ።

«ለምን መጣሽ፣ እትዬ?» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «እንዲቀልልሽ? እኔን ጠይቀሽኛል?»

ባሏ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ሸሚዙ ላይ የጥጥ ብናኝ አለበት። ጨዋ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ከዚያ ሚስቱን አያት። «ምንድነው የለም የምትሉት? የምን ካቢኔት ነው?»

ታደለች አፏን ከፈተች። የደጋ አሮጊት፣ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የተቆጣች አማት፣ ዓይን አፋር ሙሽራ ስትሆን ያየኋት ሴት አንድም ድምፅ አልመጣላትም። መዳፏን እንኳ አላሸችም።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ከጉሮሮዬ ቀድሞ እጄ ተነሣ። አንገቴ ላይ የሌለ ክር ጎትቼ የሌለ ቁልፍ አወጣሁ።

«አላወራችልህም?» አልኩት። «ቢሮአችን ውስጥ አንዲት ቀናተኛ ጸሐፊ ነበረች። ሚስትህ ጭውውት እየፈጠረች ሰውን ሁሉ ስታስቅ፣ ‹ይህቺ ሴት ይህን ሁሉ ከራሷ ልትፈጥረው አትችልም፤ የሆነ ወረቀት ላይ ደብቃው ነው› አለችና፣ ሰው በሌለበት እንዲህ አድርጋ፣» ካቢኔት ከፈትኩ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየሁ፣ አውራ ጣቴን ምራቅ ነካሁ፣ መግለጥ ጀመርኩ። «‹እዚህም የለም!› ትላለች። ‹እዚህም የለም! ከታችም የለም!›» መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ መሬት ላይ ተንበረከክሁና የታችኛውን መሳቢያ ሳብኩ። ተጣበቀብኝ። ታገልኩት። ወጣና ወደ ኋላ ወረወረኝ። «‹ለካ ፈጥራው ኖሯል!› አለችልህ። ያቺ ጸሐፊ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ይህ ሁሉ ነገር እያለ አንቺ ዝም?» አላት ሚስቱን። «እኔ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ቀን አልሰማሁም!»

ታደለች እኔን ታየኝ ነበር። ዓይኗን ሳትነቅል፣ እኔ እሷን ሳይ እንደኖርኩት። ያን አስተያየት ከማንም አግኝቼው አላውቅም ነበር። ይህን ስጽፍ የማፍርበት ነገር ቢኖር፣ በዚያች ሰዓት፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ፊቷ ላይ እያለ፣ ደስ ያለኝ መሆኑ ነው።

ባሏ እየሳቀ ወደ መጋረጃው ወዲያ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ መወርወሪያው እንደገና መመላለስ ጀመረ። ታደለች ነጠላውን አጥፋ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እስከ በሩ ሸኘችኝ። ደጅ ላይ ሰው ይተላለፋል፤ ባጠገባችን የሚያልፈው እስኪርቅ ጠበቀች።

«አሁን ማስተማር ትችያለሽ፣ እትዬ» አለችኝ።

ስድብ ይሁን ምርቃት ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁን ደግሞ የምጠይቃት የለችም። ጥናቱ ከተዘጋ ግን ያን ጊዜ ስድስት ወር አልፎት ነበር።